የካጂዋራ ትከሻ

ሳዮ እጅጌዋን አስይዛ እየጎተተችኝ የእንጨት ድልድዩን በሩጫ ተሻገርን። የእንጨት ጫማዬ ጣውላው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል ከታች የነበሩት ጀልባ ቀዛፊዎች ሰምተው ሳቁብኝ።

«አጎቴ፣ ፈጠን በል እንጂ! የማረፊያ ቤቱ እመቤት ሦስት ጊዜ ልከዋል። ኳስ ወርዋሪው ቁርሱን ጨርሶ እየጠበቀህ ነው አሉ።»

«እግር እንጂ ክንፍ አልተሰጠኝም» አልኳት። «ደግሞ ሆዱ የሞላ ሰው ወዲያው አይታሽም። ትንሽ ቢጠብቅ አይሞትም።»

«አንተ ካላሸኸው ይሸነፋል። እሱ ከተሸነፈ ደግሞ አባቴ ሦስት ቀን አያናግረንም።»

እሑድ ጠዋት ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ስምንተኛው ዓመት፣ የሰኔ ዝናብ ለአንድ ቀን ፋታ የሰጠበት እሑድ። ኦሳካ እርጥብ ገለባና የከሰል ጭስ ትሸታለች።

ቶኩኢቺ እባላለሁ፤ ወጌሻ ነኝ። ዓይኔን ኩፍኝ የወሰደው በአራት ዓመቴ ስለሆነ ብዙ አላዝንለትም፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ። የምኖረው ከምንጣፍ ሰፊው ከኡሺማትሱ ቤት ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ከተማዋ በቦምብ በነደደችበት ሌሊት ሁሉም የራሱን ሰው ይዞ ሲሮጥ፣ ተመልሶ መጥቶ እጄን ይዞ ያወጣኝ ኡሺማትሱ ነው። ሚስቱ በዚያው ሌሊት እሳቱ ውስጥ ቀረች። ይህን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሳዮ የነዚህ ሰዎች ልጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በመከር ልታገባ ነበር። ባለፈው ሳምንት አናጢው ቤት ወስዳ የሙሽራ ቁምሳጥኗን አስዳሰሰችኝ። እንጨቱ እንደ ሕፃን ገላ የለሰለሰ ነው። አንዱን መሳቢያ ስገፋው ሌላው በአየሩ ግፊት ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ጥሩ እጅ የሠራው ቁምሳጥን እንዲህ ነው። ሳዮ ደጋግማ አስገፋችኝና ደጋግማ ሳቀች። ቀብዱ ተከፍሏል። የቀረው አርባ ሺህ የን በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከአባቷ የገለባ ክምር ጀርባ ተቀምጧል። በእኛ ሰፈር ቁምሳጥን ሳትይዝ ባል ቤት የምትገባ ሴት ራቁቷን እንደ ገባች ትቆጠራለች፤ አማቾቿ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይረሱም።

ሽመላዎች የሚባለው የቤዝቦል ቡድን ወደ ከተማችን ለጨዋታ ሲመጣ የሚያርፈው እኛ ሰፈር ባለው ማትሱባያ ማረፊያ ቤት ነው። ሃያ ምናምን ሰው በአንድ አዳራሽ ፍራሽ ደርድሮ ይተኛል። የዕለቱ ወርዋሪ ብቻ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ክፍል ያገኛል፤ ጠዋት እኔ የምጠራውም ለእሱ ነው። አሠልጣኙ የወርዋሪውን ስም እስከ ጨዋታው ሰዓት እንደ ጦር ምሥጢር ይደብቃል፤ እመቤቲቱ ለማን ብላ እንደምትጠራኝ ግን ሰፈሩ ገና በጠዋቱ ያውቀዋል። ስመለስ ደግሞ ስሜን አሳጥረው፣ በአክብሮት «ሳን» ጨምረው፣ «ቶኩ-ሳን፣ ክንዱ እንዴት ነው?» ብለው ይከቡኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ መልሴ አንድ ነው፤ «ሁለት ክንድ አለው፤ ሁለቱም ትከሻው ላይ ናቸው።» ይስቃሉ፣ ይሰድቡኛል፣ ይተዉኛል።

ሙያውን ያስተማሩኝ ዓይነ ስውር መምህር ሁለት ሕግ ነበራቸው። የሰው ገላ የነገረህን ለሌላ ሰው አትንገር፣ ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ እጅህና የታማሚው ጩኸት ካልተስማሙ ጩኸቱን እመን፤ እጅ ይሳሳታል፣ ሕመም ግን የባለቤቱ ነው።

ካጂዋራ በሆዱ ተኝቶ ጠበቀኝ። የሽመላዎች አንደኛ ወርዋሪ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ቶሳ ከሚባለው ጠረፍ የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ ጭኔ ላይ ተደፍቶ አልቅሷል።

«ቶኩ-ሳን፣ ደህና አደሩ? እጅዎ ናፍቆኝ ነበር።»

«እጄ እንጂ እኔ አልናፈቅኩህም» አልኩትና ከአንገቱ ጀመርኩ።

ትከሻው ደህና ነበር። ጅማቱ እንደ ታጠበ ገመድ ለስልሶ ከጣቴ ሥር ይንሸራተታል። ከትከሻው አጥንት ሥር ያለችውን ጉድጓድ በአውራ ጣቴ ስጫናት ግን ካጂዋራ ጮኸ፤ ወዲያው ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀበረ። በትራሱ ውስጥ ያለው ገለባ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

እንደገና ዳሰስኩ። እብጠት የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ቋጠሮ የለም። ስጫነው ግን ይጮሃል። መምህሬ ትዝ አሉኝ። አምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እጄ አረጀ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ለወጌሻ ከዚህ የባሰ ፍርሃት የለም።

«መቼ ጀመረህ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ኳሱን ስለቀው እሳት ነው። ከዘጠኙ ዙር ከአምስቱ በላይ አልዘልቅም፤ ዛሬ ይጫወቱብኛል።» ትንሽ ተነፈሰ። «ቶኩ-ሳን፣ አደራዎን። አሠልጣኙ ከሰማ በነጋታው ወደ ቶሳ ነው የሚሸኘኝ። ከመረብ መጎተት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም፤ እሱንም ረስቼዋለሁ።»

«ማንን መሰልኩህ? ከአፌ አይወጣም።»

«አውቃለሁ። እርስዎን ያላመንኩ ማንን አምናለሁ።» ደግሞም «ሳዮ-ሳን በመከር ነው የምታገባው አይደል?» አለኝ። «ኡሺማትሱ-ሳንስ? ዛሬም በእኔ ላይ ያስይዛል?»

«መቼ ሳያስይዝ ቀርቶ ያውቃል።»

«እንግዲህ ይቅናው» አለ። ድምፁ አንጀቴን በላው።

ስንመለስ የፀጉር አስተካካዩ የጌንጂ ቤት ደጃፍ እንደ ልማዱ ሰው ተሰብስቧል። እዚያ ቤት ፀጉር የሚቆረጠው ፖሊስ ሲያልፍ ነው፤ ዋናው ሥራ ውርርድ ነው። ጌንጂ ገንዘቡን የሚቀበለው በወደብ ሰፈር ላለው አለቃ ነው፤ በየጠዋቱም ምርቃቱ፣ ማለትም ለደካማው ቡድን በውጤቱ ላይ የሚታከልለት ነጥብ፣ ከወደብ በስልክ ይነገረዋል። በዚያ ጠዋት ሽመላዎች ብርቱ ስለሆኑ ለተጋጣሚዎቻቸው ለቀበሮዎች ሁለት ነጥብ ተመርቆላቸው ነበር። በሽመላ ያስያዘ ሰው እንዲበላ ቡድኑ ከሁለት በሚበልጥ ነጥብ ማሸነፍ አለበት።

«ቶኩ-ሳን! ክንዱስ?» ጌንጂ ምላጩን ጠፍሩ ላይ እየሳለ ነበር።

«ሁለት ክንድ አለው።»

«ሁለቱም ትከሻው ላይ!» ብለው በአንድ አፍ ጮሁ።

«ይሄ ሰው እኮ የሞተ ቀን መሞቱን አይነግረንም» አለች ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ኦሪኩ። «ባሏ ለሞተባት ሴት እንኳ አያዝንም!»

ሳቅኩ። ከዚያ ጌንጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ኡሺማትሱ ዛሬ ቆርቆሮውን ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ሙሉውን፣ በሽመላ። ምናልባት አንተን ከሰማህ ብዬ ነው።»

ወዲያው ወደ ቤት ዞርኩ። ሳዮም ሰምታለች፤ ክንዷ ከእጅጌዋ ሥር ሲገተር ታወቀኝ። እርምጃዋን አፈጠነች።

ኡሺማትሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የምንጣፍ ጠርዝ ይሰፋ ነበር። ትልቁ መርፌ ገለባውን ሲበሳው፣ ክሩ ሲሳብ ይሰማኛል። ሳዮን ውሃ ቅጂ ብዬ ላክኋት።

«ቆርቆሮውን አትንካ» አልኩት።

«ያ ጌንጂ! አፉ እንደ መቀሱ አይዘጋም።»

«የልጅህ ገንዘብ ነው።»

«ለልጄ ብዬ አይደል እንዴ! ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው፣ ቶኩ። በአንድ ቁምሳጥን የገባች ሙሽራ እነዚያ ቤት ገረድ ናት። ሁለት ይሁንላት፣ መስተዋትም ይጨመርላት። ካጂዋራ በዚህ ወር አራት ጊዜ ወርውሮ አራቱንም አሸንፏል። እናቷ ብትኖር እንደ ምንም ብላ...» አልጨረሰውም።

እናቷን ሲያነሳ ነው የተሸነፍኩት። ያቺ ሴት በእኔ ፈንታ መውጣት ትችል ነበር።

«ኡሺ፣ አታስይዝ» አልኩት። «ክንዱ ሞቷል።»

መርፌው ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ሰምተኸኛል። አምስት ዙር አይዘልቅም። ከአንተና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ እንዳይኖርም። ቆርቆሮህን ከድነህ ሥራህን ሥራ።»

በኋላ መርፌውን ገለባው ላይ ሲሰካው ሰማሁ። «ቶኩ፣ ይህን ውለታህን አልረሳም» አለኝ። ውለታ! እሱ ለእኔ! ሞኝ ነኝና ደስ አለኝ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር የሰጠሁት መሰለኝ። ጫማውን ሲያደርግ «ወዴት ነው?» ስለው «ትምባሆ ልግዛ» ብሎኝ ወጣ።

ቁማርተኛ «አታስይዝ» የሚል ቃል አይሰማም። ጆሮው ውስጥ ሲገባ «በወዲያኛው አስይዝ» ይሆናል። እኔ ቁማርተኛ መሐል ሃምሳ ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር።

እኩለ ቀን ሳይሆን ሰፈሩ ተለዋወጠ። ከመስኮቴ ሥር ሰው እየተንሾካሾከ ያልፋል። ኦሪኩ የቶፉ ባልዲዋን ተሸክማ ስትሮጥ ውሃው ሲንቦጫቦጭ ሰማሁ፤ ኦሪኩ ደግሞ ለገዢ እንኳ ሮጣ አታውቅም። በትሬን ይዤ ወረድኩ።

«ምርቃቱ ወደ አንድ ወርዷል!» ይላል አንዱ ከጌንጂ በር።

«አንድ የት አለ፣ አሁን እኩል ለእኩል ነው! ቶሎ በሉ፣ ትንሽ ቆይቶ ለሽመላዎቹ ይመረቅላቸዋል!»

«ጌንጂ፣ የአባቴን ሰዓት ያዝልኝ። በቀበሮ!»

«ሁሉም በቀበሮ ካስያዘ በሽመላ የሚያስይዘው ማን ነው?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ጠየቀ።

«የወደብ ሰዎች ናቸው፤ ስልኩ ፋታ አልሰጠኝም» አለ ጌንጂ። «ያላችሁን አምጡ፣ በሽመላ እኛ እንችላችኋለን ይላሉ። ሞኝ መቼ ያልቃል!»

ሳቁ። እኔም በዚህ ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ ልቤ ግን ኡሺማትሱን ፍለጋ ላይ ነበር። በትምባሆው ሽታ አገኘሁትና ክንዱን ጨበጥኩት።

«አታስይዝ አላልኩህም?»

«በሽመላ አታስይዝ ነው ያልከኝ።»

«በማንም! ለማንም አትንገር አላልኩህም?»

«ለጌንጂ ብቻ ነው፣ ያውም በጆሮው። ኦሪኩ ደግሞ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፣ እሷን ልደብቃት?» ድምፁ እንደ ሙሽራ አባት ደምቋል። «ቶኩ፣ ሰማይ በሰው ዕድሜ አንዴ በር ይከፍታል። ሰባት ዓመት ዝም ያልከው ለዚህች ቀን ነው።»

ቆርቆሮው በብብቱ ሥር ነበር። በጣቴ ነካ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠ።

በስምንት ሰዓት ጌንጂ ሬዲዮውን መደርደሪያው ላይ አወጣ፤ ሰፈሩ በሙሉ መንገዱ ላይ ቆመ። በመጀመሪያው ዙር ካጂዋራ ሦስት መቺዎች አከታትሎ አሰናበተ።

«ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ነው» አለ ኡሺማትሱ። «ይደክማል፣ ቆዩ።»

በሦስተኛው ዙርም «አሁን ነው የሚሰበረው» አለ። በአምስተኛው ሌላ ትምባሆ ለኮሰ። ተናጋሪው «የካጂዋራ ኳስ ዛሬ ምላጭ ሆኗል!» እያለ ይጮሃል። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲታይ ያውቃል፤ ፊታቸውን ሁሉ ወደ እኔ እንዳዞሩ ታወቀኝ።

«ቶኩ-ሳን» አለች ኦሪኩ፤ «የሞተው የትኛው ክንዱ ነው?»

ማንም አልሳቀም።

በስምንተኛው ዙር ከሽመላዎቹ አንዱ ኳሷን ቀስ አድርጎ መትቶ ሯጭ ጓደኛውን ነጥብ ወደሚቆጠርበት መነሻ አስገባ። ያች አንድ ነጥብ በቃች። የቀበሮዎች የመጨረሻው መቺ አየር መታ፤ አንድ ለዜሮ። ጌንጂ ሬዲዮውን ዘጋው። የሰዎቹ ጫማ አንድ በአንድ እየራቀ ሲሄድ ቆሜ ሰማሁ።

በጠዋቱ ምርቃት ቢሆን ኖሮ አንድ ለዜሮ ለሽመላ አይበቃም ነበር፤ በቀበሮ ያስያዘ ሁሉ ይበላ ነበር። ኡሺማትሱ ግን ባልነግረው ኖሮ ገንዘቡን በሽመላ አስይዞ ያው ይከስር ነበር። ይህን ሳስብ ነው እስከ ዛሬ የሚመረኝ። ቆርቆሮው በየትኛውም መንገድ ባዶ ነበር። እኔ የጨመርኩበት ኦሪኩን፣ የሰውዬውን የአባት ሰዓትና የራሴን ስም ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከማረፊያ ቤቱ ተጠራሁ። ሳዮ እስከ በሩ አደረሰችኝ። በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ቆዳ ጫማ ያደረጉ፣ ፀጉራቸው የቅባት ሽታ ያለው፤ ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ የሚሸት ሰው የለም። ከአዳራሹ ሳቅና የብርጭቆ ድምፅ ይመጣል። ካጂዋራ በትንሿ ክፍል በሆዱ ተኝቷል።

ትከሻው ይሞቅ ነበር፤ በደንብ የሠራ ጤነኛ ትከሻ እንደሚሞቀው። አውራ ጣቴ ራሱ መንገዱን አውቆ ወደዚያች ጉድጓድ ሄደ። ተጫንኩ። በኃይል ተጫንኩ።

«እሰይ፣ እዚያ ጋ» ብሎ ተነፈሰ ካጂዋራ።

ከዚያ ትዝ አለው። ገላው ከእጄ ሥር ድርቅ ሲል ተሰማኝ፤ ግን ዘግይቷል።

«አላመመዎትም» አልኩት። ሰባት ዓመት አንተ ያልኩትን ሰው እርስዎ አልኩት።

«ጠዋት ስላሹኝ ነው። እጅዎ ተአምር ነው፣ ቶኩ-ሳን።»

«እጄ ጠዋት ምንም አላገኘም ነበር። ጩኸትዎን አምኜ እጄን ረገምኩት። ለእነዚያ በር ላይ ለቆሙት የወደብ ሰዎች ነው የጮኹት?»

ትራሱ ተንኮሻኮሸ። ሲናገር ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም።

«ምን አጠፋሁ? ጨዋታ ሸጥኩ? ዘጠኝ ዙር ያለኝን ሁሉ ወረወርኩ፣ ቡድኔም አሸነፈ። በየትኛው ሕግ ነው የምከሰሰው? እርስዎን አይንገሩ ብዬ ለመንኩዎት። ባይናገሩ ኖሮ ሰፈሩ አይጎዳም ነበር።»

እውነቱን ነው። አጥንቴ ውስጥ የቀረው ይህ ነው። ስለ ሳዮ ሠርግ የጠየቀኝ ለምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሰባት ዓመት እኔ እሱን ስዳስስ እሱም እኔን ሲዳስሰኝ ኖሯል፤ የት ቢጫነኝ እንደምጮህ አውቋል።

«ለሳዮ-ሳን ሠርግ ትንሽ ነገር ትሁን» ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር እጄ ውስጥ ሊከት ሞከረ። ጣቶቼን ጨበጥኩ።

«ግራ ትከሻዎ ቀርቷል» አልኩት።

ግማሽ ታሽቶ የሚተው ገላ በሙያችን ነውር ነው። እንደ ጠላት ላሸው ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ፣ የለመደውን ሠራ። ግራውን ትከሻ እስከ መጨረሻው አሽቼለት ወጣሁ።

ሳዮ ድልድዩ አፍ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። እጅጌዋን ሰጠችኝ፤ ግን አልተራመደችም።

«አባቴ የምንጣፍ መቁረጫውን እየሳለ ነው» አለችኝ። «ክንዱ ያልታመመ ከሆነ ያ ወርዋሪ ቶኩን አታሎታል፣ ሄጄ ሆዱን እዘረግፈዋለሁ ይላል። የተሳሳተው ቶኩ ከሆነ ግን ከእሳት ያወጣሁትን ሰው ምን አደርገዋለሁ ብሎ አለቀሰ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። ክንዱ ታሞ ነበር ወይስ አልነበረም?»

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። እጄ አልተሳሳተም፤ አንዲት ቃል ብናገር ስሜ ይነጻል። ነገር ግን በዚያች ቃል ኡሺማትሱ መቁረጫውን ይዞ ቆዳ ጫማ ባደረጉት ሰዎች መሐል ይገባል። ከገባ አይወጣም።

«ታሞ ነበር» አልኳት። «ጠዋት ያሸሁት የሚይዝ አልመሰለኝም ነበር፤ ያዘ። ያዳነው የእኔ እጅ ነው።»

«አዳንከው?»

«አዳንኩት።»

ከታች ውሃው ምሰሶዎቹን እየነካ ሲያልፍ ይሰማል።

«ታዲያ ለአባቴ ሞቷል ስትለው እጅህ ማዳኑን አያውቅም ነበር እንዴ፣ አጎቴ?» አለችኝ። አጎቴ ያለችኝ የመጨረሻዋ ጊዜ ያች ናት።

እጅጌዋን ከጣቶቼ መሐል ቀስ ብላ አወጣችው። አልገፈተረችኝም፣ አልተቆጣችኝም፤ ጫማዋ ጣውላው ላይ እየራቀ ሄደ። ያ ድልድይ ስንት ጣውላ እንዳለው እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። በትሬን አስቀድሜ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አርባ ሁለት ናቸው።